ሃንስ በርገር፦ የአንጎልን ሞገድ ያሳየን ሰው፣ እና ብዙ ያልተወራለት ታሪኩ



ቪዲዮ እያያችሁ ድምፁ ከከንፈሩ እኩል አልሄድ ብሎ ያውቃል? ሰውየው ተናግሮ ጨርሶ አፉን ዘግቷል፣ ቃሉ ግን ገና አሁን ነው የሚደርሰው። ያበሳጫል። ኔትወርኩን እንሳደባለን፣ ዘግተን እንከፍታለን። የሚገርመው ግን ሌላ ነው። መዘግየቱ በጣም ትንሽ ከሆነ ጭራሽ አይታወቀንም። ዓይን ያየውንና ጆሮ የሰማውን አንጎላችን ራሱ አገጣጥሞ እንደ አንድ ነገር ያቀርብልናል።

ይሄ ማገጣጠም እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ ዛሬ ተመራማሪዎች ሰው እያየና እየሰማ እያለ አንጎሉን በመሣሪያ ይከታተላሉ። ከመቶ ዓመት በፊት ግን የራስ ቅል ሳይከፈት የሰው አንጎል ሥራ ላይ እያለ ይታያል ብሎ ማሰብ እንደ ቅዠት ነበር የሚቆጠረው። ያንን በር የከፈተው አንድ ዝምተኛ ጀርመናዊ ሐኪም ነው። ስሙ ሃንስ በርገር ይባላል። (የሚበላው በርገር ትዝ ያላችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም፣ እኛም እንደዛው ነበርን።)

የዛሬው ጽሑፋችን ስለ እሱ ነው። ቀድመን ግን እንንገራችሁ፣ ታሪኩ የጀግና ታሪክ ብቻ አይደለም። ወደ መጨረሻው ከባድ ነገር አለ፣ ዘለነው ማለፍ አልፈለግንም። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመድፉ ፊት

በርገር የተወለደው በግንቦት 1873 ሲሆን ቦታው ኮቡርግ የምትባለው የጀርመን ከተማ አጠገብ ያለች ኖይሰስ የምትባል መንደር ናት። አባቱ ሐኪም ነበር። የእናቱ አባት ደግሞ ፍሪድሪክ ሩከርት የሚባል በጀርመን ስሙ የገነነ ገጣሚ ነው። ልጁን ግን ሕክምናም ግጥምም አልሳበውም። ልቡ ሰማይ ላይ ነበር፣ ከዋክብትን ማጥናት ነው የፈለገው። ዩኒቨርሲቲ ገባና ብዙም ሳይቆይ ትምህርቱን አቋርጦ ለአንድ ዓመት የፈረሰኛ ጦር ውስጥ ገባ።

ሃያ ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። አንድ ቀን ልምምድ ላይ ሳሉ የተቀመጠበት ፈረስ በኋላ እግሩ ቆመና ወረወረው። የወደቀው ደግሞ በፈረሶች የሚጎተት መድፍ እየመጣ ባለበት መንገድ ላይ ነበር። ነጂው ፈረሶቹን ስቦ ያቆማቸው ለጥቂት ነው። በርገር ጉዳት ሳይደርስበት ተነሣ፣ ሞትን ግን በዓይኑ አይቶ ነበር።

ማታ ላይ ቴሌግራም ደረሰው። ላኪው አባቱ ነው። አባቱ ከዚያ በፊት ቴሌግራም ልኮለት አያውቅም። ለካ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቃ ያለችው እህቱ፣ ወንድሟ አንድ ነገር እንደሆነ ድንገት ተሰምቷት፣ ደህንነቱ ካልተጠየቀ ብላ አባቷን ስታስጨንቅ ነበር።

ነገሩ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል። ስለ ቤተሰባችን ስንጨነቅ ውለን ምንም ያልተፈጠረባቸው ቀኖች ስንት ናቸው? እነሱን እንረሳቸዋለን፣ የገጠመውን ብቻ እናስታውሳለን። በርገር ግን አጋጣሚ ነው ብሎ አላለፈውም። በዚያች የሞት ደቂቃ የእሱ ሐሳብ በሆነ መንገድ ለእህቱ እንደደረሳት አመነ፣ እስከ ዕድሜው መጨረሻም ይህን እምነቱን አልተወም። ከዋክብትን ትቶ ሕክምና ለመማር የወሰነው ከዚህ በኋላ ነው። አንድ ጥያቄ ያዘው፦ ሐሳብ የሚባለው ነገር ኃይል ካለው፣ ያ ኃይል በመሣሪያ ይለካል ወይ?

ሃያ ዓመት ያልተሳካ ፍለጋ

ሕክምናውን በ1897 ጨርሶ ዬና በምትባለው ከተማ በሚገኘው የአእምሮ ሕክምና ክሊኒክ ሥራ ጀመረ። ዬናን ባታውቋት እንኳን ፋብሪካዋን ታውቁት ይሆናል። በአንዳንድ ስልኮች ካሜራ ላይ ዛይስ የሚል ስም አይታችሁ ከሆነ፣ ያ የካርል ዛይስ ድርጅት የተመሠረተው እዚያች ከተማ ውስጥ ነው። በርገርም የሥራ ዘመኑን ከሞላ ጎደል በሙሉ ያሳለፈው እዚያው ነው። በ1919 የክሊኒኩ ኃላፊና ፕሮፌሰር ሆነ።

ሰዎች የሚያውቁት በርገር ቁጥብ፣ ሰዓት አክባሪና ብዙ የማያወራ አለቃ ነበር። ቀን ሕመምተኛ ያያል፣ ያስተምራል። ከሥራ በኋላ ደግሞ ለብዙዎቹ ባልደረቦቹ ያልነገራቸውን ፍለጋ ይቀጥላል።

መጀመሪያ የሞከረው በደም ነው። በአደጋ ወይም በቀዶ ሕክምና ምክንያት የራስ ቅላቸው አጥንት በከፊል የጎደላቸው ሕመምተኞች ነበሩ። ከቆዳቸው ሥር አንጎላቸው ሲመታ ይታያል። በርገር ሰውየው ሲያስብ፣ ሲደነግጥ፣ ደስ ሲለው የደሙ ዝውውር እንዴት እንደሚቀየር ለመለካት ሞከረ። ቀጥሎ ደግሞ የአንጎልን ሙቀት ለካ። ሁለቱም የፈለገውን አልሰጡትም።

በነገራችን ላይ የደሙ ሐሳብ ከንቱ አልነበረም፣ ዘመኑ ስላልደረሰ ነው እንጂ። ዛሬ ኤፍኤምአርአይ የሚባለው ምርመራ የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። አንዱ የአንጎል ክፍል ሥራ ሲበዛበት ወደዚያ ብዙ ደም ይሄዳል፣ መሣሪያው ያንን ለውጥ ያነባል።

የቀረው ኤሌክትሪክ ነበር። ሪቻርድ ኬተን የሚባል የሊቨርፑል ሐኪም ከጥንቸሎችና ከዝንጀሮዎች አንጎል ላይ ደካማ ኤሌክትሪክ እንዳገኘ በ1875 ተናግሮ ነበር። በርገርም ውሾች ላይ ሞከረ፣ አልሆነለትም። አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣና የጦር ሐኪም ሆኖ ዘመተ። ተመልሶ እንደገና ጀመረ። ይህን ሲያደርግ ስለ ኤሌክትሪክ መሣሪያ ያለው ዕውቀት ብዙ አልነበረም፣ እየወደቀ እየተነሣ ነው የተማረው።

የ1924 ክረምት

ሐምሌ 6 ቀን 1924። ፊቱ ያለው ሕመምተኛ የ17 ዓመት ልጅ ነው። ልጁ አንጎሉ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት አጥንቱ የተነሣበት ቦታ አለ። በርገር ኤሌክትሮዶቹን እዚያ ላይ አድርጎ ከጋልቫኖሜትሩ ጋር አገናኘ። ጋልቫኖሜትር ማለት በጣም ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲያልፍበት በትንሹ የሚንቀሳቀስ መሣሪያ ነው። ተንቀሳቀሰ። ትንሽ ብቻ፣ ግን ተንቀሳቀሰ።

ምን ያህል ትንሽ? የሪሞት ባትሪ 1.5 ቮልት ነው። ከጭንቅላታችን ላይ የሚለካው የአንጎል ሞገድ ግን በቮልት ሚሊዮንኛ ነው የሚቆጠረው፣ ከባትሪው በአስር ሺዎች እጥፍ ያንሳል። ያውም በዚያ ዘመን መሣሪያ!

እኛ ብንሆን በነጋታው እንለጥፈው ነበር። እሱ ግን አምስት ዓመት ዝም አለ። ያየው ነገር የልብ ምት ቢሆንስ? የጡንቻ እንቅስቃሴ ቢሆንስ? የደም ሥር ምት ቢሆንስ? አንድ በአንድ እየለየ አረጋገጠ። ሕመምተኞችን፣ ጤነኞችን፣ ብዙ ጊዜ ደግሞ የገዛ ልጁን ክላውስን እያስቀመጠ ደጋግሞ ቀዳ። በመጨረሻም አጥንቱ ሳይነሣ፣ ከራስ ቆዳ ላይ ብቻ ሞገዱን ማግኘት እንደሚቻል አወቀ።

በዚህ መሃል ነው ትልቁን ነገር ያስተዋለው። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኖ ዘና ሲል ሞገዱ ትልልቅና ወጥ ነው፣ በሴኮንድ 10 ጊዜ ገደማ ይመላለሳል። ዓይኑን ሲገልጥ ግን ወዲያው ይጠፋል፣ በምትኩ ትንንሽና ፈጣን ሞገድ ይመጣል። የመጀመሪያውን አልፋ፣ ሁለተኛውን ቤታ ብሎ ጠራቸው። ዓይን ብቻም አይደለም። ድንገት ድምፅ ሲሰማ ወይም ቆዳው ሲነካም አልፋው ይቀንሳል። ልጁ ኢልዘ ሒሳብ በቃሏ ስትሠራም እንደዚያው ሆነ።

ነገሩ ግር ካላችሁ ስታዲየም ደጅ ቆማችኋል እንበል። ውስጥ ያለው ሕዝብ አንድ ላይ ሲያጨበጭብ ውጭ ድረስ ጎልቶ ይሰማል። ሁሉም ከጎረቤቱ ጋር ወሬ ከጀመረ ግን የሚሰማው ጉምጉምታ ብቻ ነው። ሰዎቹ ዝም ስላሉ አይደለም፣ እያንዳንዱ የየራሱን ሥራ ስለያዘ ነው። አንጎልም ዓይን ሲገለጥ እንደዚያ ነው የሚሆነው።

ማንም ያላመነው ግኝት

በ1929 የመጀመሪያውን ጽሑፉን አሳተመ። ቀረጻውን በጀርመንኛ የሰየመበት ቃል ነው ዛሬ በየሆስፒታሉ ኢኢጂ በሚል ምህጻር የምናውቀው። ዓለም ግን አላጨበጨበም። ብዙዎቹ ሊቃውንት የመሣሪያ ስህተት ነው አሉ። ያን ያህል የተወሳሰበ አንጎል እንዲህ ያለ ቀላልና ወጥ ሞገድ ያወጣል ብሎ ማመን ከብዷቸው ነበር። የገዛ አገሩ ሰዎች እንኳን ብዙም አልሰሙትም። እሱም ሳይከራከር በተከታታይ ማሳተሙን ቀጠለ፣ እስከ 1938 ድረስ 14 ጽሑፍ በአንድ ርዕስ አወጣ።

ሁኔታው የተቀየረው በ1934 ነው። የኖቤል ሽልማት የወሰደው የካምብሪጁ ኤድጋር አድሪያን ከባልደረባው ብራያን ማቲውስ ጋር ሙከራውን ደገመው። መጀመሪያ ተጠራጥረው ነበር። የአድሪያንን ጭንቅላት ለኩ፣ ዓይኑን ሲጨፍን ሞገዱ መጣ፣ ሲገልጥ ጠፋ። ከዚያ በሳይንቲስቶች ፊት በይፋ አሳዩት፣ ለማነጻጸርም የአንዲት የውሃ ጥንዚዛን ሞገድ ጨመሩበት። የጥንዚዛዋም ብርሃን ሲያይ ይጠፋል! ሞገዱ በበርገር ስም እንዲጠራ ሐሳብ ያቀረቡትም እነሱ ናቸው።

በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የቦስተን ተመራማሪዎች ትልቅ ነገር አገኙ። ለአፍታ ፈዝዘው የሚቀሩ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ላይ በሴኮንድ 3 ጊዜ የሚመላለስ የተለየ ሞገድ አዩ። ይሄ ለእኛም ቀጥታ የሚነካን ጉዳይ ነው። የሚጥል በሽታ በአገራችን እስከ ዛሬ የእርግማንና የርኩስ መንፈስ ነገር ተደርጎ የሚታይበት ቦታ ብዙ ነው። ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ የሚያሸትት አይጠፋም። ኢኢጂ ያሳየው ግን በሽታው አንጎል ውስጥ የሚነሣ የኤሌክትሪክ መታወክ መሆኑን ነው። ክብሪቱ ምንም አያደርግም። የወደቀውን ሰው በጎኑ ማስተኛት፣ ጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግና አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት ነው የሚጠቅመው።

እዚህ ላይ ብንጨርሰው ደስ ባለን

ለረጅም ጊዜ የበርገር ታሪክ ሲነገር የሚያልቀው እንዲህ ነበር፦ ናዚዎች ጠሉት፣ በ1938 ከሥራው አባረሩት፣ ተስፋ ቆርጦ ሞተ። አሳዛኝና ንጹሕ ታሪክ። በኋላ ሰነዶችን ያገላበጡ የታሪክ ተመራማሪዎች ግን ሌላ ነገር አገኙ።

ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 አንድ ሕግ አወጡ። በዘር ይተላለፋል የተባለ ሕመም ያለበት ሰው ልጅ እንዳይወልድ በግዳጅ እንዲመክን የሚያዝ ሕግ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ የአእምሮ ሕመም አለ። የሚጥል በሽታ አለ። በውርስ የመጣ ዓይነ ስውርነትና መስማት አለመቻልም አሉ። ጉዳዩን የሚወስኑት ሐኪሞች አብረው የሚዳኙባቸው ልዩ ፍርድ ቤቶች ነበሩ። በዚህ ሕግ እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ድረስ ወደ 400,000 የሚጠጉ ሰዎች እንዲመክኑ ተደርገዋል።

በርገር የዚህ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበር። ያውም የተፈረደባቸው ሰዎች ይግባኝ ሲሉ የሚመጡበት፣ በዬና የነበረው የበላይ ችሎት ላይ። ማለትም የመጨረሻ ተስፋቸው የነበረው ወንበር ላይ ነው የተቀመጠው። በ1938 ከሥራ የወጣውም በ65 ዓመቱ፣ በጡረታ ዕድሜው ነው። ከዚያ በኋላ፣ በ1941፣ ተመልሶ በዚያው ችሎት እንዲያገለግል ሲጠየቅ ፈቃደኛ መሆኑን የሚያሳይ ደብዳቤም ተገኝቷል።

ይሄን ስናነብ ቆም ብለን አሰብን። ሰውየው የሚጥል በሽታን ምስጢር ለመፍታት ከማንም በላይ የረዳውን መሣሪያ የሠራ ነው። ዓይን ሲገለጥ፣ ጆሮ ሲሰማ አንጎል ምን እንደሚሆን መጀመሪያ ያየ ነው። ዓይናቸው የማያይ፣ ጆሯቸው የማይሰማና የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች ልጅ መውለድ የለባቸውም የሚል ሕግ ሲመጣ ግን አልተቃወመም፣ ከሚያስፈጽሙት ጋር ተቀመጠ። አውሬ ስለነበር ነው ማለት ይቀል ነበር። ግን ልጆቹን የሚወድ፣ ጥንቁቅ፣ አምስት ዓመት ራሱን የሚጠራጠር ሰው ነው። ሞገዱን እንዲያ የተጠራጠረ ሰው፣ ሕጉን ለምን አልተጠራጠረም? መልሱን አላገኘነውም።

በርገር በመጨረሻ ዓመቶቹ ጤናው ታወከ፣ ከባድ ድብርት ውስጥም ገባ። ሰኔ 1 ቀን 1941 በ68 ዓመቱ ዬና ውስጥ ራሱን አጠፋ። የአእምሮ ሐኪም ነበር፣ ድብርት ግን ሐኪም ነው ብሎ አይምርም። ከእናንተ መሃል እንዲህ ያለ ጨለማ ውስጥ ያለ ካለ፣ እባካችሁ ለምታምኑት ሰው ተናገሩ፣ ወደ ሕክምናም ሂዱ።

ዓይንና ጆሮ የሚገናኙበት

እሱ ከሞተ በኋላ ሥራው ወዴት ሄደ? ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ።

ሰው በርቀት እንጨት ሲፈልጥ አይታችሁ ከሆነ፣ መጥረቢያው ካረፈ በኋላ ነው ድምፁ የሚመጣው። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚጓዝ ነው። ቅርብ ያለ ሰው ሲያወራን ግን ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ አንጎል ሁለቱን ያጋባቸዋል። ኢኢጂ ሚሊሴኮንድ በሚሊሴኮንድ ስለሚቀዳ ይሄን ለማየት አመቺ ሆነ። በ2005 የታተመ አንድ ጥናት፣ የተናጋሪውን አፍ እያየን ስንሰማ አንጎላችን ለድምፁ የሚሰጠው ምላሽ ድምፁን ብቻ ከምንሰማበት ጊዜ እንደሚፈጥን አሳይቷል። ከንፈሩ ከድምፁ ቀድሞ ስለሚንቀሳቀስ አንጎል የሚመጣውን ይገምታል ማለት ነው።

ኤፍኤምአርአይ ደግሞ ፍጥነቱ ባይኖረውም ቦታውን ያሳያል። በ1997 የወጣ ጥናት ሰዎች ድምፅ የሌለው ከንፈር ብቻ ሲያነቡ የመስማት ሥራ የሚሠራው የአንጎል ክፍላቸው ጭምር ሥራ እንደሚጀምር አገኘ። ጆሮ ምንም ሳይሰማ! በ1976 ሃሪ ማክገርክና ጆን ማክዶናልድ ያሳወቁት ነገርም አለ። ድምፁ ባ እያለ አፉ ጋ ሲል የሚታይበት ቪዲዮ ስታሳዩት፣ ብዙው ሰው የሚሰማው ዳ ነው። ዓይንን ጨፈን ሲያደርጉ ባ ይመለሳል። ስልካችሁ ላይ ማክገርክ ብላችሁ ፈልጉና ራሳችሁን ሞክሩት።

ከሁሉም ግን ልባችንን የነካው ይሄ ነው። ዛሬ በብዙ አገሮች የተወለደ ሕፃን ተኝቶ እያለ ጭንቅላቱ ላይ ትንንሽ ኤሌክትሮዶች ተለጥፈው ጆሮው ላይ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማዋል። አንጎሉ ከመለሰ ይሰማል፣ ካልመለሰ ወላጆቹ በጊዜ ያውቃሉ። መስሚያ መሣሪያም ሆነ የምልክት ቋንቋ ያለ ዕድሜ መባከን ይጀመራል። ሕፃኑ መናገር አይጠበቅበትም፣ ሞገዱ ስለ እሱ ይናገራል።

በርገር የፈለገው ከእህቱ የመጣውን መልእክት ምስጢር ነበር። ያንን አላገኘውም። ሐሳብ በአየር ሲሄድ የሚያሳይ ሞገድ የለም፣ ከራስ ቆዳ ላይ የሚለካው ኤሌክትሪክ ጥቂት ራቅ ሲሉ የማይገኝ ደካማ ነገር ነው። ያገኘው ግን አፍ ያልፈታ ሕፃን ለእናቱ እንደሚሰማትና እንደማይሰማት የሚነግርበትን መንገድ ነው። የዚያ ሕፃን ዓይነት ሰዎች ዕጣ በእጁ ላይ በወደቀ ጊዜ ግን ከእነሱ ጎን አልቆመም።

መሣሪያውን እንጠቀምበታለን፣ ስሙንም እናስታውሳለን። ስሙ ሲነሣ ግን ከሞገዱ ጋር ያንን ወንበርም እናንሣ። የእነዚያ ይግባኝ ባዮች ስም የተጻፈለት ሞገድ የለም፣ እኛ ካላስታወስናቸው ማን ያስታውሳቸዋል?